ባህር ዳርቻው ፊቱን ወዴት አዞረ?

ጥያቄው፦ «ጤና ይስጥልኝ። የምንኖረው ሳክራሜንቶ ነው። ኦገስት 9 ተነስተን፣ በሀይዌይ 1 የባህሩን ዳር ይዘን ሎስ አንጀለስ ልንወርድ ነው። አምስት ቀን አለን። እኔ፣ ባለቤቴ፣ የ5 እና የ11 ዓመት ልጆቻችን፣ እንዲሁም ከአዲስ አበባ የመጣችው እናቴ ነን። እናቴ 70 አልፏታል፣ ጉልበቷን ያማታል፣ ፍልሰታንም ትጾማለች። ልጆቹ የሚያወሩት ስለ ዋና ብቻ ነው። እኔ 16 ቢች መርጬ ዝርዝር አውጥቻለሁ፤ ባለቤቴ አብደሻል ይለኛል። የትኞቹን ላስቀር? በስንት ሰዓትስ የት እንቁም?»

እህቴ፣ በዚህስ ከባለቤትሽ ጎን ነኝ። 16 ቢች በአምስት ቀን ማለት በቀን ከሦስት በላይ ነው። ከልጅ ጋር አንድ ቢች ላይ መቆም ደግሞ ቀላል አይደለም። ፓርኪንግ ፍለጋ አለ፣ ዕቃ ማውረድ አለ፣ ሰንስክሪን መቀባት አለ፣ ሽንት ቤት አለ። መጨረሻ ላይ አሸዋ ማራገፍና «ትንሽ ብቻ ማሚ» የሚለውን ለቅሶ ማስታመም ይመጣል። በትንሹ ሁለት ሰዓት ተኩል ይሄዳል። እኔ በአስጎብኚነት ይህን መንገድ 12 ዓመት ነድቼበታለሁ። በቀን አንድ ቢች ላይ እንውላለን፣ አንድ ወይም ሁለት ቦታ ወርደን አይተን እናልፋለን። ከዚያ በላይ ከጨመርኩ ማታ ሆቴል ስንደርስ የሚያናግረኝ ሰው አይኖርም።

ከብዛቱ የባሰብኝ ግን ሌላ ነገር ነው። ዝርዝርሽን ሳየው የመረጥሽው በፎቶ መሆኑ ያስታውቃል። ፎቶ ውሃው ስንት ዲግሪ እንደሆነ አይናገርም፤ ነፋሱ ከየት እንደሚመጣም አይናገርም። በዚህ ዳርቻ ላይ ቀኑን የሚያሳምሩትም የሚያበላሹትም እነዚህ ሁለቱ ናቸው።

ከሳክራሜንቶ ስትነሱ ከተማው 100 ዲግሪ ፋረንሃይት ሊሆን ይችላል። ሁላችሁም ቁምጣ ለብሳችሁ ትወጣላችሁ። ከሦስት ሰዓት በኋላ ባህሩ ጋ ስትደርሱ 58 ዲግሪ ሆኖ፣ ጭጋግ ወርዶ፣ ነፋስ ፊታችሁን ይመታችኋል። እናትሽ ከአዲስ አበባ ክረምት አምልጠው መጥተው ሌላ ክረምት የገቡ ነው የሚመስላቸው። የሳን ፍራንሲስኮ ሰዎች ኦገስትን «ፎገስት» እያሉ የሚያሾፉበት ለዚህ ነው፤ ፎግ ጭጋግ ማለት ነው። ስለዚህ ከመዋኛ ልብስ በፊት ሹራብና ጋቢ ጫኚ። የምቀልድ እንዳይመስልሽ።

ነገሩ እንዲህ ነው። በበጋ ከሰሜን ምዕራብ የሚመጣ ነፋስ ዳርቻውን ይዞ ወደ ደቡብ ይነፍሳል። ነፋሱና የምድር መሽከርከር ተጋግዘው ከላይ ያለውን ሞቅ ያለ ውሃ ከዳር ወደ ውስጥ ይገፉታል። ከወተት ላይ ሰልባቦት እንደ መግፈፍ ነው። የላይኛው ሲገፈፍ ከጥልቅ ያለው ቀዝቃዛ ውሃ ይወጣል። ያ ውሃ ከላዩ ያለውን አየር ያበርደዋል፤ የበረደው አየር ጭጋግ ይሆናል። የእናንተ የሸለቆው ሙቀት ደግሞ ጭጋጉን ወደ የብስ ይስበዋል። በሌላ አነጋገር ሳክራሜንቶ በጋለ ቁጥር ባህሩ ዳር መብረዱ የተለመደ ነው። ከሳን ፍራንሲስኮ እስከ ሞሮ ቤይ ድረስ ውሃው በኦገስትም ቢሆን በአብዛኛው ከ55 እስከ 60 ዲግሪ ነው። የ5 ዓመት ልጅ እዚያ ውስጥ አምስት ደቂቃ ከቆየ ከንፈሩ ይጠቁራል።

እንግዲህ እኔ ቢች ስመርጥ መጀመሪያ የማየው ካርታ ነው። ይህ ዳርቻ ፊቱን ወዴት ነው ያዞረው? እላለሁ። ወደ ምዕራብ ወይም ወደ ሰሜን ምዕራብ የሚያይ ከሆነ ነፋሱንም ማዕበሉንም ጭጋጉንም ፊት ለፊት ይቀበላል። ለማየት ያምራል፤ ለመዋል አይሆንም። ወደ ደቡብ የሚያይ፣ ከኋላው ተራራ ወይም ኮረብታ ያለው ከሆነ ግን ጀርባውን ለነፋስ ሰጥቶ እንደተቀመጠ ሰው ነው። ጭጋጉ ቶሎ ይገለጥለታል፣ ማዕበሉም ለዘብ ይላል። በአስር ማይል ልዩነት አንዱ ጋ ጃኬት፣ ሌላው ጋ ጥላ የሚፈለግበት ቀን ብዙ አይቻለሁ። ዝርዝርሽን በዚህ ብናጣራው ከ16ቱ አብዛኞቹ «አይቶ ማለፊያ» ውስጥ ይገባሉ።

ሰዓቱንም ዓመቱንም በአሜሪካ አቆጣጠር ነው የምጽፈው፣ እንዳንምታታ።

የመጀመሪያውን ቀን ከሳን ፍራንሲስኮው ኦሽን ቢች እጀምራለሁ ብለሻል። ሰርዢው። ቀዝቃዛ ነው፣ ጅረቱ ኃይለኛ ነው፣ ብዙ ሰውም ሞቶበታል። ይልቅ በማለዳ ወጥታችሁ በ92 መንገድ ሃፍ ሙን ቤይ ድረሱና ከዚያ ወደ ደቡብ ታጠፉ። በነገራችን ላይ ከሰሜን ወደ ደቡብ መንዳታችሁ ጥሩ ነው። ባህሩ በቀኛችሁ ስለሚሆን መቆሚያዎቹ ሁሉ በእናንተ በኩል ናቸው፣ መንገድ ማቋረጥ የለም። ፒጅን ፖይንት ላይ ከ1872 ጀምሮ የቆመ 115 ጫማ ርዝመት ያለው የመብራት ማማ አለ። መኪናው አጠገቡ ይቆማል፤ እናትሽ አስር እርምጃ ሳይራመዱ ያዩታል። ዳቬንፖርት አካባቢ እንጆሪ ግዙ፣ የጾም ነው። እዚያ መሃል ያሉትን ቢቾች ግን ከመስኮት ተሰናበቷቸው። ሁሉም ወደ ምዕራብ የሚያዩ ናቸው።

መዋያችሁ ሳንታ ክሩዝ ይሁን። ከተማዋ ጀርባዋን ለተራራ ሰጥታ ወደ ደቡብ ታያለች። ከ1907 ጀምሮ ያለው የመዝናኛ ቦታ፣ ቦርድዎክ የሚባለው፣ አሸዋው ላይ ነው። ጃይንት ዲፐር የተባለው የእንጨት ሮለርኮስተር የተሠራው በ1924 ነው፤ የ11 ዓመቱ ልጅ ከዚያ ላይ አይወርድላችሁም። ለዋና ግን ወደ ባህሩ ከሚገባው የእንጨት ድልድይ ምዕራብ ያለው ኮዌል ቢች በውሃ ንጽሕና በኩል ለዓመታት መጥፎ ስም ነበረው። እኔ ከቦርድዎኩ አልፌ ሲብራይት ወይም ትዊን ሌክስ እሄዳለሁ። ሰፊ አሸዋ ነው፣ ሰውም ቀለል ይላል። ለትልቁ ልጅ ዌትሱት፣ ብርድ የሚከላከለውን የዋና ልብስ፣ ተከራዩለት። ሳንታ ክሩዝ የሰርፍ ከተማ ስለሆነች ኪራይ በየጥጉ አለ። ዌትሱት ከለበሰ አንድ ሰዓት ይቆያል፤ ካልለበሰ አስር ደቂቃ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር አደራ። በዚህ ዳርቻ ላይ ብዙ ጊዜ ትንሽ ወንዝ ወደ ባህሩ ሲገባ አሸዋው ይገድበውና ሞቅ ያለ ጥልቀት የሌለው ኩሬ ይሆናል። ለትንሽ ልጅ የተሠራ ይመስላል። ማዕበል የለውም፣ አይበርድም። ከቢቹ ሁሉ ቆሻሻው ውሃ ግን ብዙ ጊዜ እሱ ነው። ከከተማ የታጠበው ሁሉ እዚያ ይጠራቀማል። ወላጆች ልጃቸውን ከማዕበል አድነው እዚያ ውስጥ ሲያስቀምጡ ሳይ ሆዴ ይንቦጫቦጫል። ሂል ዘ ቤይ የሚባል ድርጅት ለየቢቹ ከኤ እስከ ኤፍ ውጤት ይሰጣል፤ ልክ እንደ ልጆች ካርድ። ማታ ማታ የነገውን አይተሽ ተኚ።

ሁለተኛው ቀን ሞንተሬይ ነው። ጠዋት ጭጋግ ይኖራል፣ አትዘኑበት። በበጋ በዚህ ዳርቻ ባህሩ በጣም የሚሸሸው ብዙውን ጊዜ በማለዳ ነው። ሲሸሽ በድንጋዮቹ መሃል ትንንሽ ኩሬዎች ይቀራሉ፤ ውስጣቸው የባህር ኮከብ አለ፣ ሸርጣን አለ። ፓሲፊክ ግሮቭ ላይ ይህን ማየት ይቻላል። የሚሸሽበትን ሰዓት የታይድ ሰንጠረዥ ይነግርሻል፤ ስልክሽ ላይ በነፃ ታገኚዋለሽ። ለልጆቹ ንገሪያቸው፣ መንካት በእርጥብ ጣት ቀስ ብሎ ነው፤ ማንሳትና ይዞ መሄድ የለም። ድንጋዩ ደግሞ እንደ ሳሙና ያንሸራትታል። እናትሽ ከላይ ካለው የእግር መንገድ ላይ አግዳሚ ወንበር ይዘው ይመልከቱ።

ከዚያ ላቨርስ ፖይንት አለ። ትንሽ ናት፣ ግን ፊቷን ወደ ባህረ ሰላጤው ውስጥ ስላዞረች ከትልቁ ማዕበል ተከልላለች። ሣር አለ፣ ሽንት ቤት አለ፣ ወንበር አለ። ከሰዓቱን እዚያ አሳልፉ። ካርሜልን ለጀምበር መጥለቂያ አስቀምጡት። አሸዋው እንደ ዱቄት ነጭ ነው፣ ግን ወደ ምዕራብ ያያል፤ ጫማ አውልቆ ለመሄድ እንጂ ለመዋኘት አይደለም።

ሞናስተሪ ቢች የሚል ዝርዝርሽ ላይ አየሁ። ስሙ ገዳም ስለሚል ይሆን የመረጥሽው? የአካባቢው ሰው በስሙ እየተጫወተ «ሞርችዋሪ ቢች» ይለዋል፣ የሬሳ ቤት ማለት ነው። አሸዋው ቁልቁል ነው፣ እግር ሥር ይናዳል፣ ማዕበሉም እላይሽ ላይ ይሰበራል። ከመኪና አትውረዱ።

ይህን ስል የራሴን ጉድ ልንገርሽ። አንድ ኦገስት ዘመዶቼን ይዤ ከሳንታ ክሩዝ በላይ ያለ ወደ ምዕራብ የሚያይ ቢች ላይ ወረድን። እኔ አዋቂው ማለት ነው። ባህሩ ጸጥ ብሏል። ፎቶ እንነሳ ተባለና ሁላችንም ጀርባችንን ሰጥተን ተደረደርን። ለአስራ አምስት ደቂቃ ያልታየ ማዕበል ከየት መጣ ሳይባል እስከ ወገባችን ደረሰ። የአክስቴ ነጠላ ሄደ፣ ሁለት ጥንድ ጫማ ሄደ፣ የእኔም ስልክ ሄደ። አክስቴን ክንዷን ባልይዛት ኖሮ ምን እንደሚሆን ማሰብ አልፈልግም። ከዚያ ወዲህ ፎቶ የማነሳው እኔ ነኝ፣ ፊቴ ወደ ባህሩ ሆኖ። ስለዚህ በዚህ ዳርቻ ላይ ለባህር ጀርባ አይሰጥም። አሸዋው እስከ የት እርጥብ እንደሆነ አይተሽ ከዚያ ከፍ ብለሽ ተቀመጪ፤ ማዕበሉ እስከዚያ ደርሶ ነበር ማለት ነው።

ሦስተኛው ቀን ቢግ ሰር ነው። እዚህ ቀን ላይ አራት ቢች ጽፈሻል። አራቱንም አጥፊያቸው። ቢግ ሰር የመንገድ ቀን ነው። ከሞንተሬይ እስከ ካምብሪያ 100 ማይል ገደማ ነው፤ ሳይቆሙ ብቻ ሦስት ሰዓት ይጠጋል።

ከሁሉ በፊት መንገዱ ክፍት መሆኑን አረጋግጪ። ተራራው በየጊዜው ይናዳል። በ2017 መድ ክሪክ የተባለው ቦታ ላይ ተንዶ መንገዱ የተከፈተው በጁላይ 2018 ነው፣ ከዓመት በላይ ማለት ነው። ከዚያም ወዲህ ደጋግሞ ተዘግቷል። የካሊፎርኒያ መንገዶች መሥሪያ ቤት የካልትራንስን ካርታ፣ ክዊክማፕ የሚባለውን፣ ሆቴል ከመያዝሽ በፊትም በጉዞው ዋዜማም እዪው። ተዘግቶ ካገኘሽው ከካርሜል ወደ ታች እስከተከፈተው ድረስ ነድታችሁ አይታችሁ ተመለሱ፤ ከዚያ በ101 መንገድ ወደ ደቡብ መውረድ ነው። ጂፒኤስ ብቻ ይዘሽ አትግቢ። እዚያ ውስጥ ኔትወርክ የለም ማለት ይቻላል፣ ካርታውን ቀድመሽ አውርጂ። ነዳጅም ካርሜል ላይ ሙሉ። መሃል ላይ ያለው ማደያ ዋጋውን ስታዪ ዓይንሽን ትጠራጠሪያለሽ።

ቢክስቢ ድልድይ በ1932 የተሠራ ነው። ፓርኪንግ ከተገኘ ቁሙ፣ ከሌለ እለፉ። መንገድ ዳር አጉል አቁሞ መቀጣት አለ። ፋይፈር ቢች ያለ ጥርጥር ያምራል፤ ጋርኔት የሚባል ማዕድን ከተራራው እየታጠበ አሸዋውን ሐምራዊ ያደርገዋል። ነገር ግን መግቢያው ሁለት ማይል ጠባብ መንገድ ነው፣ ፓርኪንጉ ቶሎ ይሞላል፣ ነፋሱ አሸዋ እያነሳ ይገርፋል። ጉልበታቸውን ከሚያማቸው እናት ጋር አይሞከርም። ማክዌይን ደግሞ ለመዋኛ ጽፈሻታል። ፏፏቴው 80 ጫማ ያህል ወርዶ አሸዋው ላይ ይወድቃል፤ አሸዋው ራሱ የመጣው በ1983 ከደረሰው የመሬት መናድ ነው። ውሃው ሰማያዊ፣ አሸዋው ንጹሕ፣ መውረድ ግን ክልክል። የሚታየው ከላይ ነው። የእግር መንገዱ ክፍት ከሆነ አጭር ነው።

ስለ አነዳድ አንድ ቃል። ባለቤትሽ ቀስ ብሎ ቢነዳ ችግር የለም፤ ከኋላው አምስት መኪና ከተሰለፈ ግን መቆሚያ ፈልጎ ማሳለፍ በካሊፎርኒያ ሕግ ግዴታ ነው። እናትሽ ከፊት ይቀመጡ። ባዶ ሆድና ጠመዝማዛ መንገድ አይስማሙም። እስከ ዘጠኝ ሰዓት የሚጾሙ ከሆነ፣ ማለትም በዚህ አቆጣጠር እስከ ከሰዓት 3፣ ይህን ቀን ቀስ ብላችሁ ደጋግማችሁ አቁሙ። ከካርሜል ጠዋት 9 ሰዓት ላይ ብትወጡ ከሰዓት 2 ገደማ ላይ ፒድራስ ብላንካስ ትደርሳላችሁ።

ፒድራስ ብላንካስ ዝርዝርሽ ውስጥ የለም። እኔ ደግሞ በጉዞው ሁሉ ከአንድ ቦታ በስተቀር ሁሉንም ተው ብትይኝ የማልተወው እሱን ነው። መንገዱ ዳር ነው፣ በነፃ ነው፣ መራመጃው ሜዳ ነው፣ እናትሽ ያለ ደረጃ ይደርሱበታል። አሸዋው ላይ የተጋደሙት ኤሌፋንት ሲል የሚባሉ የባህር እንስሳት ናቸው። በሐምሌና በነሐሴ የሚመጡት በአብዛኛው ወንዶቹ ናቸው፤ ቆዳቸውንና ጸጉራቸውን ሊቀይሩ። አንዱ እስከ 16 ጫማ ርዝመት፣ እስከ 5,000 ፓውንድ ክብደት ይደርሳል። አፍንጫው እንደ ኩምቢ ተንጠልጥሏል። ድምፁ አሮጌ ሞተር ሳይክል እንደማስነሳት ነው፣ ሽታውን ደግሞ አልነግርሽም። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ለዘይታቸው ሲባል ታድነው ሊያልቁ ደርሰው ነበር፤ የቀሩት በመቶ እንኳ የማይሞሉ እንደነበሩ ይገመታል። ዛሬ ከ200,000 በላይ ሆነዋል። እዚህ ቦታ ላይ መውጣት የጀመሩት በ1990 ነው። አንዲት ከጎጃም የመጡ እናት አይተዋቸው «እነዚህስ ሥራ ፈት ናቸው» ብለው ግማሽ ሰዓት ከአጥሩ አልተነሡም።

ከዚያ ትንሽ ወደ ደቡብ ሳን ሲሚዮን ላይ ዊልያም ራንዶልፍ ኸርስት የሚባል የባህር ዳርቻ አለ። ኸርስት ካስል ከሚባለው ቤተ መንግሥት ፊት ለፊት ነው። ይህ ቢች ወደ ደቡብ ያያል፣ ምዕራቡን የብስ ጥግ ከልሎለታል። ሌላው ሁሉ በነፋስ ሲንገላታ እሱ ጋ ጠረጴዛ ላይ ጨርቅ ዘርግቶ መብላት ይቻላል። ከሰዓት 3 ላይ እናትሽን እዚያ አስፈጥሯቸው።

የምግቡን ነገር ካነሣሁ አይቀር፣ ፍልሰታ ኦገስት 7 ገብቶ የሚፈታው በ22 ነው፤ ጉዞው ሙሉ በሙሉ ጾም ውስጥ ነው። በዳርቻው ያሉ ምግብ ቤቶች ኩራታቸው ክላም ቻውደር የሚባል የባህር ቀንድ አውጣ መሰል ሾርባ ነው፤ ክሬም አለበት፣ አንዳንዱም ቤከን አለበት። ዓሣንም በጾም የሚበላ አለ፣ የማይበላ አለ፤ እናትሽን ቀድመሽ ጠይቂ። ኩለር ውስጥ እንጀራ፣ ሽሮና ስልጆ ያዙ። ዳቦና ቆሎ ደግሞ ለመኪና። አሸዋ ላይ እንጀራ አትዘርጉ። ነፋሱ ቢምር የባህር ወፎቹ አይምሩም፤ አንድ ጊዜ ጥቅልል ከእጄ ነጥቀውኛል። ቡናውን በቴርሞስ። ጀበና ይዘው መጥተው ከሰል ሊያያይዙ የታገሉ ሰዎች አውቃለሁ፣ እሳት በተፈቀደበት ቦታ ብቻ እንደሆነ ጠባቂው መጥቶ አስረዳቸው።

አራተኛው ቀን ላይ ፒዝሞና ኦሺያኖን ጽፈሻል። ኦሺያኖ ላይ አሸዋ ላይ መኪና መንዳት ይፈቀዳል። የእናንተ ሚኒቫን ግን ይሰምጣል፣ ማውጫው ደግሞ ውድ ነው። ፒዝሞ ወደ ምዕራብ የሚያይ ሰፊ ሜዳ ነው፤ ፎቶው ላይ ፀሐይ ነበር፣ ኦገስት ላይ ግን ጭጋግ ሊሆን ይችላል። አሥር ደቂቃ ብቻ ርቃ አቪላ ቢች አለች። ኮረብታ ከኋላዋ፣ ፊቷ ወደ ደቡብ። ፒዝሞ ላይ ጃኬት ለብሰን አቪላ ላይ ጃኬት ያወለቅንበትን ቀን ቆጥሬ አልጨርሰውም። መንገዱ ዳር ካፌ አለ፣ የልጆች መጫወቻ አለ፣ ላይፍ ጋርድ አለ። ከ10 እስከ 2 እዚያ ዋሉ።

ከአቪላ ስትወጡ ጉዞው ይለወጣል። ፖይንት ኮንሴፕሽን ላይ ካሊፎርኒያ ክርኗን ታጥፋለች። እስከዚያ ከሰሜን ወደ ደቡብ የወረደው ዳርቻ ወደ ምሥራቅ ይታጠፍና ፊቱን በሙሉ ወደ ደቡብ ያዞራል። ነፋሱ ከኋላ ይቀራል፣ ውሃው ይሞቃል። ጋቪዮታ ላይ መንገዱ ከተራራው ወጥቶ ድንገት ባህሩ ሲገለጥ መስኮቱን ክፈቱት፣ አየሩ ሌላ ነው። የልጆቹ ዋና የሚጀምረው እዚህ ነው። ከሳንታ ባርባራ ጀምሮ እስከ ሎስ አንጀለስ ውሃው በኦገስት 65 እና ከዚያ በላይ ይሆናል፤ አንዳንዴ 70 ይደርሳል። አሁንም ላንጋኖ አይደለም። ግን ልጅ ይዋኝበታል።

አዳሩን ሳንታ ባርባራ ወይም ካርፒንቴሪያ አድርጉትና የአምስተኛውን ቀን ጠዋት ለካርፒንቴሪያ ስጡት። የጉዞው ዋናው ቢች እሱ ነው። ከተማው «ከዓለም ሁሉ ደኅንነቱ የተጠበቀ ቢች» ይለዋል። ማስታወቂያ ነው፣ ቢሆንም ውሸት አይደለም፤ ታችኛው ወለል ቀስ እያለ ነው የሚጠልቀው፣ ማዕበሉም ከዳር ራቅ ብሎ ይሰበራል። የ5 ዓመቷ ወይም የ5 ዓመቱ ልጅ ጉልበት ድረስ ገብቶ የሚጫወትበት ቦታ ነው። ስቴት ፓርክ ስለሆነ ፓርኪንጉ 10 ዶላር አካባቢ ይጠየቃል። ደረሰኙን አትጣይው፤ በዚያው ቀን ሌላ ስቴት ፓርክ ሊቀበልሽ ይችላል፣ በር ላይ ጠይቂ። አሸዋ ላይ የሚሄድ ጎማው ወፍራም የሆነ ዊልቸር በብዙ የካሊፎርኒያ ቢቾች በነፃ ያውሳሉ። እናትሽ እምቢ ሊሉ ይችላሉ፤ «ለሽማግሌ ነው» ይላሉ። ውሃው ጫፍ ድረስ ወስዶ እግራቸውን እንደሚያስነካቸው ንገሪያቸው።

ካርፒንቴሪያ ላይ እግራችሁ ጥቁር ነገር ይይዛል። ቆሻሻ አይደለም፣ ከባህሩ ሥር በተፈጥሮ የሚወጣ ሬንጅ ነው። ቹማሽ የሚባሉት የአገሩ ነባር ሕዝቦች ጀልባቸውን ይደፍኑበት ነበር። በ1769 የመጡት ስፔናውያን ጀልባ ሲሠሩ አይተዋቸው ነው ቦታውን የአናጢ ቤት ብለው የሰየሙት። በሳሙና አይለቅም። በወይራ ዘይት አሽታችሁ ብትጠርጉት ይሄዳል። መኪና ከመግባታችሁ በፊት ይሁን፣ ከመቀመጫ ጨርቅ ላይ አያያዙ ሌላ ነው።

ሞቅ ባለው ውሃ ሁለት ነገር ለልጆቹ አስተምሪ። አንደኛው፣ አሸዋው ሥር ስቲንግሬይ የሚባል ጠፍጣፋ ባለ መርዝ ጅራት ዓሣ ይተኛል። ሲገቡ እግር እያነሱ አይደለም፣ አሸዋውን እየጎተቱ ነው፤ ኮቴ ሲሰማ ራሱ ይሸሻል። ከወጋ ላይፍ ጋርዱ የተወጋውን እግር ሙቅ ውሃ ውስጥ ያስነክራል። ሁለተኛው ሪፕ ከረንት ነው፣ ወደ ውስጥ የሚጎትተው ጅረት። ሰው የሚሳሳተው እዚህ ጋ ነው። ግራና ቀኙ ማዕበል እየተሰበረ መሃሉ ጸጥ ያለ ቦታ ሲያይ «እዚያ ይሻላል» ይላል። ውሃው ወደ ውስጥ የሚመለሰው በዚያ ጸጥ ባለው በኩል ነው። ላይፍ ጋርዶች ከሚያደርጉት ማዳን ከ80 በመቶ በላይ የሚሆነው በዚህ ምክንያት እንደሆነ ማኅበራቸው ይገምታል። የተያዘ ሰው ወደ ዳር አይታገል፤ ከዳሩ ትይዩ ወደ ጎን ዋኝቶ ይውጣ፣ ካቃተው ተንሳፎ እጁን ያንሳ። ከሁሉ የሚቀለው ግን የላይፍ ጋርዱ ማማ ፊት ለፊት መቀመጥ ነው። ስትደርሱ ሄደሽ «ዛሬ የት ይሻላል?» በይው። ደስ እያለው ነው የሚያሳይሽ።

ከዚያ በኋላ ማሊቡ ቀላል ነው። ኤል ማታዶር ቆንጆ ነው፣ ደረጃው ግን ቁልቁል ነው፣ ለእናትሽ አይሆንም። ዙማ ሜዳ ነው፣ ሰፊ ነው፣ ሽንት ቤትና ላይፍ ጋርድ አለው፤ ጊዜ ከተረፈ አንድ ሰዓት ቁሙ። ማሊቡ ላይ ቤቶቹ ጥግ «የግል ቢች» የሚል ምልክት ብታዩ አትደንግጡ። በካሊፎርኒያ ውሃው የሚያርሰው አሸዋ የሕዝብ ነው፤ ጥያቄው በየት በኩል እንደሚገባ ብቻ ነው። የሳንታ ሞኒካን ፒር፣ ወደ ባህሩ የሚገባውን መዝናኛ ድልድይ፣ ለማየት ሂዱ፣ ለዋና ግን ከፒሩ ሥር አይደለም፤ በውሃ ጥራት ዝርዝር ላይ መጥፎ ውጤት ሲያገኝ የኖረ ቦታ ነው። ራቅ ብሎ መዋኘት ይሻላል።

ማታውን ፌርፋክስ ላይ ሊትል ኢትዮጵያ ጨርሱት። በኦሎምፒክና በፒኮ መሃል ያለው ነው፣ ስሙን ያገኘው በ2002። የጾም በየዓይነቱ ሞልቷል። አምስት ቀን በኩለር እንጀራ የተጓዘ ሰው ትኩስ እንጀራ ሲያይ የሚያሳየውን ፊት አውቀዋለሁ። ሲመለሱ በ5 ቁጥር መንገድ በስድስት ሰዓት ገደማ ሳክራሜንቶ ናችሁ፣ የሚያቆም ቢች የለም፣ ሁሉም ይተኛል።

የመኝታውን ነገር አልጻፍሽም። የስቴት ፓርክ ካምፕ ቦታዎች ከስድስት ወር በፊት ነው የሚከፈቱት፣ ለኦገስት አሁን የተሰረዘ ካልተገኘ በቀር አይታሰብም። ሆቴል ከሆነ ቅድሚያ ለሞንተሬይና ለካምብሪያ ስጪ፤ ቶሎ የሚሞሉት እነሱ ናቸው። ሳንታ ክሩዝ ካስቸገረሽ ዋትሰንቪል ገባ ብሎ ይረክሳል። ቢቾቹ ጋ መኪና ውስጥ ምንም ነገር እንዳይታይ፤ በተለይ በመጀመሪያው ቀን፣ ሻንጣው በሙሉ ከኋላ ሲሆን። እናትሽ ምድር ቤት ክፍል እንዲያገኙ ስትይዢ በስልክ ተናገሪ፣ በኦንላይን የተጻፈ ማስታወሻ ብዙ ጊዜ አይነበብም።